የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ ፈረሶች የረጅም ርቀት ጽናት የት ገባ?

በአውሮፓውያኑ ኅዳር 1890 ሜልበርን በሚገኘው የፍሌሚንግተን ሜዳ 39 ፈረሶች ለአንድ ውድድር ተሰለፉ። ከሁሉም ከባዱን ሸክም የተጫነው ኒው ዚላንድ ውስጥ የተወለደው ካርባይን ነበር። ጋላቢውን፣ ኮርቻውንና ማመጣጠኛ ክብደቱን ጨምሮ 66 ኪሎ ግራም ገደማ ተሸክሞ ሁለት ማይል ጋለበ፤ አሸነፈም። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ከ130 በላይ ዓመታት ያን ያህል ክብደት ተሸክሞ የሜልበርን ካፕን የወሰደ ፈረስ የለም።

ካርባይን 43 ጊዜ ተወዳድሮ 33 ጊዜ አሸንፏል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳይገባ የቀረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኋላ ላይ ለእንግሊዛዊ መስፍን ተሸጦ ወደ ብሪታኒያ ተወሰደ። ልጁ ስፒርሚንት በ1906 የእንግሊዝ ደርቢን አሸነፈ። በዚህ ልጁ በኩል ደሙ ኔርኮ ለተባለው ዝነኛ የጣሊያን ፈረስ ደረሰ፤ ከኔርኮ የማይወለድ የዘመናችን የእሽቅድድም ፈረስ ማግኘት ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

ለዓለም ይህን ደም የሰጠው አካባቢ ዛሬ ለታላቁ ውድድሩ ረጅም ርቀት የሚችሉ ፈረሶችን ከአየርላንድ፣ ከብሪታኒያ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጀርመንና ከጃፓን ያስመጣል። ከ2010 እስከ 2018 ድረስ የሜልበርን ካፕን ካሸነፉት ዘጠኝ ፈረሶች ስምንቱ የተወለዱት በሰሜኑ የዓለም ክፍል ነው። ብቸኛው የአካባቢው ተወላጅ በ2015 ያሸነፈው የኒው ዚላንዱ ፕሪንስ ኦቭ ፔንዛንስ ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ የተወለደ ፈረስ ለማሸነፍ፣ በ2009 ከድል ከበቃው ሾኪንግ በኋላ እስከ 2019 ድረስ አሥር ዓመት መጠበቅ ግድ ሆኗል።

ውድድሩ የሚካሄድበት ፍሌሚንግተን ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ ስፍራ አይደለም። ሜዳው በማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር የተንጣለለ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለችው ፉትስክሬይ በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶቿ የታወቀች ሰፈር ናት። በየዓመቱ በኅዳር የመጀመሪያው ማክሰኞ ከተማዋ ሥራ ዘግታ ውድድሩን ስትከታተል፣ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ነዋሪዎችም ዕረፍቱን ይካፈላሉ።

ጽናትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም

በፈረስ እሽቅድድም ዓለም ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ባሕርያት አሉ። አንደኛው የርቀት ጽናት ነው፤ ይህም ፈረሱ 2,400 ወይም 3,200 ሜትር ሲጋልብ ፍጥነቱን ጠብቆ የመጨረስ ችሎታው ነው። ሁለተኛው የአካል ጥንካሬ ነው፤ እግሩ፣ ሳንባውና ጠባዩ ሳይሰበሩ ለዓመታት መወዳደር መቻሉ ማለት ነው። አንዱ ያለው ፈረስ ሌላው ላይኖረው ይችላል።

ቴክኦቨር ታርጌት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ጉልበቱ የታመመውን ይህን ፈረስ በታክሲ ሹፌርነት ይተዳደር የነበረው አሠልጣኝ ጆ ጃኒያክ ግብሩን ሳይጨምር በ1,250 የአውስትራሊያ ዶላር ገዛው። ፈረሱ የአጭር ርቀት ተወዳዳሪ ነበር፤ 3,200 ሜትር ቀርቶ የዚያን እኩሌታም የሚወድ አልነበረም። ይሁን እንጂ በአውስትራሊያ፣ በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በሲንጋፖር አሸንፏል። 41 ጊዜ ተወዳድሮ 21 ድል ያስመዘገበ ሲሆን፣ በዘጠኝ ዓመቱም በከፍተኛው ደረጃ ውድድር ቀዳሚ ነበር። ጽናት ሳይኖር ጥንካሬ እንዲህ ነው።

ሁለቱን አስተባብሮ የያዘው ፋር ላፕ ነው። በ1926 በኒው ዚላንድ ደቡባዊ ደሴት፣ ቲማሩ አቅራቢያ ተወለደ። በ1930 በፍሌሚንግተን የውድድር ሳምንት፣ በስምንት ቀናት ውስጥ አራት ጊዜ ተወዳድሮ አራቱንም አሸነፈ፤ ከአራቱ አንዱ ሜልበርን ካፕ ነበር። ዛሬ አንድ አሠልጣኝ ይህን ልሞክር ቢል ፈረሱን የሚያምነው ባለቤት ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። ፋር ላፕ በ1932 አሜሪካ ውስጥ በድንገት ሲሞት ልቡ ሲመዘን 6.2 ኪሎ ግራም ሆነ። ከተራው ፈረስ ልብ እጅግ የሚበልጠው ይህ ልብ አሁን በካንቤራ ብሔራዊ ሙዚየም ይታያል፤ ቆዳው በሜልበርን፣ አጽሙ ደግሞ በዌሊንግተን ይገኛል።

የልብ ነገር ከተነሳ፣ ፈረስን ለረጅም ርቀት የሚያበቃው ምን እንደሆነ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። ቆሞ ያለ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይመታል፤ በሙሉ ግልቢያ ላይ ግን ከ220 ያልፋል። ጣፊያው በቀይ የደም ሕዋሳት የተሞላ ጎተራ ነው። ግልቢያው ሲጀመር ተኮማትሮ ያከማቸውን ወደ ደም ሥሮች ይለቃል፤ በዚህም ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ በከፍተኛ ደረጃ ይጨምራል። ትንፋሹም ከእርምጃው ጋር የተቆራኘ ነው፤ በግልቢያ ላይ በእያንዳንዱ ሙሉ እርምጃ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ስለዚህ እርምጃው ረጅምና የተረጋጋ የሆነ ፈረስ ትንፋሹንም ይቆጥባል።

ጡንቻው ደግሞ በዘር ይወሰናል። በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኤመሊን ሂል የመሩት የተመራማሪዎች ቡድን በ2010 ባወጣው ጥናት፣ የጡንቻን ዕድገት የሚቆጣጠረው ማዮስታቲን የተባለው ዘረ መል ፈረሱ ከሚመቸው ርቀት ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ አሳየ። ዘረ መሉ ‘ሲ’ እና ‘ቲ’ የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት። ከአባትም ከእናትም ‘ሲ’ን የወረሰ ፈረስ ጡንቻው ቶሎ ይዳብራል፤ ለአጭር ርቀትም ይፈጥናል። ሁለት ‘ቲ’ የወረሰው ዘግይቶ ይበስላል፤ የሚሻለውም ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከሁለቱም አንዳንድ የወረሰው ለመካከለኛ ርቀት ይሆናል።

ገበያው ለአጭር ርቀት ፈረደ

አንድ ዘር በጥቂት ትውልድ ውስጥ መልኩን የሚቀይረው በአጋጣሚ አይደለም፤ አርቢው የሚመርጠውን ድንጉላ የሚወስነው ገዥው ነው። በአውስትራሊያ የዚህ ለውጥ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1951 ከአውሮፓ የመጣው ስታር ኪንግደም የተባለ ድንጉላ ነው። በ1957 ሲድኒ ውስጥ ለሁለት ዓመት ፈረሶች የተዘጋጀ፣ 1,200 ሜትር ብቻ የሚሸፍን ጎልደን ስሊፐር የተባለ ውድድር ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ያሸነፉት አምስቱም ፈረሶች የስታር ኪንግደም ልጆች ነበሩ። አርቢዎች ከዚህ ትምህርት ለመውሰድ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ዓመት ውርንጭላ በጨረታ የገዛ ሰው ለአጭር ርቀት የተወለደውን በቀጣዩ ዓመት ሊያወዳድረው ይችላል። ለ3,200 ሜትር የሚሆነው ግን እስከ አራትና አምስት ዓመቱ መታገሥን ይጠይቃል፤ እስከዚያ ቀለቡን፣ የአሠልጣኙን ክፍያና የሐኪሙን ወጪ መሸፈን የባለቤቱ ዕዳ ነው። ከ1990 ጀምሮ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የመራቢያ ወራት ካለቁ በኋላ በአውሮፕላን ወደ አውስትራሊያ ይመጣ የነበረው ዴንሂል ይህን አዝማሚያ አጠናከረው፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ፈጥነው የሚበስሉ ነበሩና። በ2017 ሲድኒ ለዚ ኤቨረስት፣ ማለትም ለአንድ የ1,200 ሜትር ውድድር፣ 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ስትመድብ፣ ሽልማቱ በዚያ ዓመት ከሜልበርን ካፕ በልጦ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አርቢውን ‘ለምን የጽናት ፈረስ አታረባም?’ ብሎ መውቀስ ያስቸግራል።

ባለቤቶችም ሌላ መንገድ አገኙ። በ1993 የአየርላንዱ ቪንቴጅ ክሮፕ ከሰሜኑ የዓለም ክፍል መጥቶ ሜልበርን ካፕን በማሸነፍ የመጀመሪያው ሆነ። ይህ ድል በሩን ከፈተ። አውሮፓ ውስጥ በረጅም ርቀት ተፈትኖ የታየን ፈረስ መግዛት፣ አገር ቤት ውርንጭላ እያሳደጉ ከመጠበቅ ይልቅ ፈጣንና አስተማማኝ ሆነ። የዱባዩ ጎዶልፊን ለብዙ ዓመታት ከሞከረ በኋላ በ2018 በክሮስ ካውንተር ዋንጫውን ወሰደ።

የኒው ዚላንድ ሣር

ከባሕሩ ማዶ ሁኔታው ትንሽ የተለየ ነበር። ኒው ዚላንድ ውስጥ ውርንጭሎች ዓመቱን ሙሉ በለምለም መስክ ላይ ይሮጣሉ፤ ለመብሰልም ጊዜ ይሰጣቸዋል። ከ1976 ጀምሮ በካምብሪጅ ከተማ የረባው ሰር ትሪስትራም የተባለው የአየርላንድ ድንጉላ ሦስት የሜልበርን ካፕ አሸናፊዎችን ወለደ። ልጁ ዛቢልም እንዲሁ ሦስት። እስከ ዛሬ ዋንጫውን ካነሱት ፈረሶች ከ40 የማያንሱት የተወለዱት በዚህች ትንሽ አገር ነው።

የአገሬው ሰው ደጋግሞ የሚያወራው ግን የኪዊን ታሪክ ነው። በ1,000 የኒው ዚላንድ ዶላር የተገዛው ይህ ፈረስ በባለቤቱ እርሻ ላይ በግ ያግድ ነበር። በ1983 በፍሌሚንግተን የመጨረሻው ኩርባ ላይ ሲደርሱ ከኋላ ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ ሁሉንም አልፎ አሸነፈ። የበግ እገዳው ለጽናቱ ምን ያህል እንደረዳው መመዘን ባይቻልም፣ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት በወጣ ገባ መሬት መሄድ አጥንትንና ጅማትን እንደሚያጠነክር የሚክድ አሠልጣኝ ግን ብዙም አይገኝም።

አጥንት የሚናገረው

ከ2013 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት ሜልበርን ካፕ በድል ብቻ ሳይሆን በሞትም ይነሳ ጀመር። ቬሬማ፣ አድማየር ራክቲ፣ አራልዶ፣ ሬድ ካዶ፣ ዘ ክሊፍስኦፍሞኸር፣ አንቶኒ ቫን ዳይክ፤ ሁሉም በውድድሩ ላይ ወይም በውድድሩ ሳቢያ ሞቱ። ሁሉም ከሰሜኑ የዓለም ክፍል የመጡ ነበሩ። አብዛኞቹን የገደላቸው የእግር ስብራትና ጉዳት ሲሆን፣ አድማየር ራክቲ ግን በልብ ሕመም፣ አራልዶ ደግሞ ከውድድሩ በኋላ በባንዲራ ደንብሮ በደረሰበት ጉዳት ነው የሞቱት።

ግማሽ ቶን የሚመዝን ፈረስ በሙሉ ፍጥነት ሲጋልብ፣ ለአፍታም ቢሆን ያ ሁሉ ክብደት ከነግፊቱ በአንድ እግር ላይ ያርፋል። ከሰኮናው በላይ ያለው መገጣጠሚያ ከሁሉም የበለጠ ይጨነቃል። አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ለተጫነበት ሸክም ራሱን ያጠነክራል፤ ነገር ግን ጥቃቅን ስንጥቆች ከሚጠገኑበት ፍጥነት በላይ ከተከማቹ፣ ውጭው ጤናማ መስሎ ውስጡ ይዳከማል። ፈረሱ ላያነክስ ይችላል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ‘ገና በሁለት ዓመታቸው ስለሚጋልቡ ነው የሚሰበሩት’ ይላል። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። የኒው ዚላንዱ ማሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት በሁለት ዓመታቸው ሥልጠና የጀመሩና የተወዳደሩ ፈረሶች፣ ዘግይተው ከጀመሩት ይልቅ የውድድር ዘመናቸው ረዝሞ ተገኝቷል። በእርግጥ ቀድመው የሚሠለጥኑት ከመነሻውም ጤነኞቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ያም ሆኖ በልኩ የተሰጠ ቀደምት ሥራ አጥንትን እንደሚገነባ የሚያሳዩ ሌሎች ጥናቶችም አሉ። ጉዳቱ ያለው በዕድሜው ሳይሆን በሥራው መጠንና ዕረፍት በማጣቱ ላይ ይመስላል።

ርቀት የሚችል ፈረስ በምን ይታወቃል?

ሜልበርን ካፕን 12 ጊዜ ያሸነፉት አሠልጣኝ ባርት ከሚንግስ በአንድ ደንባቸው ይታወቁ ነበር፦ ለ3,200 ሜትር የሚቀርብ ፈረስ ቀድሞ በተከታታይ ውድድሮች በድምሩ 10,000 ሜትር ያህል መጋለብ አለበት። የዛሬ አሠልጣኞች ብዙዎቹ ከዚህ ያነሰ ያወዳድራሉ፤ ፈረሱን ትኩስ አድርጎ ማቅረብን ይመርጣሉ።

ገዥዎች ደግሞ አስቀድመው የእናቲቱን ወገን ያያሉ፤ ድንጉላው ፈጣን ቢሆንም ባዝራዋ ከረጅም ርቀት ቤተሰብ ከሆነች ተስፋ አለ ይላሉ። ቀጥሎ የፈረሱ አረማመድ፣ የደረቱ ጥልቀት፣ ከግልቢያ በኋላ ትንፋሹ የሚመለስበት ፍጥነት ይታያል። ከሁሉም በላይ ግን ጠባይ አለ። መጀመሪያ ላይ የሚጎትት፣ ከጋላቢው ጋር የሚታገል ፈረስ፣ ምንም ዓይነት ዘር ቢኖረው ጉልበቱን ከግማሽ መንገድ አያሳልፍም። በግሌ ከዘር መዝገብ ይልቅ ለዚህ የመጨረሻው ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ።

ሁለት ፈረሶች፣ አንድ ዋንጫ

ከሞቶቹ በኋላ የቪክቶሪያ ግዛት የውድድር አስተዳደር በ2021 ጥብቅ ሕግ አወጣ። በሜልበርን ካፕ የሚወዳደር ፈረስ ሁሉ ከውድድሩ በፊት እግሮቹ በሲቲ ስካን እንዲመረመሩ ተደነገገ።

በ2024 ይህ ሕግ ያን ብሩጌል የተባለውን ፈረስ አገኘው። በታዋቂው የአየርላንድ አሠልጣኝ ኤይደን ኦብራየን የሚሠለጥነውና በእንግሊዝ የሴንት ሌጀርን የረጅም ርቀት ውድድር ገና ያሸነፈው ይህ ፈረስ ከተጠባቂዎቹ መካከል ነበር። ሐኪሞቹ ምስሉን አይተው የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው በማለት ከለከሉት። አሠልጣኙ ፈረሱ ፍጹም ጤነኛ ነው ሲሉ አጥብቀው ተቃወሙ።

ያን ብሩጌል በሌለበት ውድድር ያሸነፈው ናይትስ ቾይስ ነበር። ብዙ ግምት ያልተሰጠው ይህ ፈረስ አውስትራሊያ ውስጥ የተወለደ ሲሆን፣ አባቱ ኤክስትሪም ቾይስ በአጭር ርቀት ፍጥነቱ የሚታወቅ ድንጉላ ነው። የዘር መዝገብ አንባቢዎች 3,200 ሜትር አይችልም ሊሉት ይገባ ነበር፤ እሱ ግን የጃፓኑን ዋርፕ ስፒድ በጠባብ ልዩነት ቀደመው። ያን ብሩጌል ደግሞ ወደ አየርላንድ ተመልሶ በሰኔ 2025 በእንግሊዝ ኤፕሰም የኮሮኔሽን ካፕን አሸነፈ። ምስሉ ላይ የታየው ነገር በፍሌሚንግተን ጠንካራ መሬት፣ በ3,200 ሜትር ሩጫ ምን ያመጣ እንደነበር ግን በዚህ ድል አይታወቅም፤ ክርክሩም በአሠልጣኞችና በሐኪሞች መካከል ዛሬም አልተዘጋም።