የክፉ ቀን ልብስ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923፣ ለስድስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቶኪዮ ተናወጠች። የምሳ ሰዓት ነበርና በየጓዳው ምድጃ ተቀጣጥሏል፤ ቤቱ የእንጨት ነው፤ ነፋሱም ብርቱ ነበር። ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ከተማይቱን የፈጃት ተከትሎ የመጣው እሳት ነው።

በሆንጆ ሰፈር አንድ ሰፊ ባዶ ሜዳ ነበር። ቀድሞ የጦር ሠራዊቱ የልብስ ግምጃ ቤት የነበረበት ሥፍራ ነው። ሕዝቡ መሸሸጊያ አገኘሁ ብሎ ወደዚያ ጎረፈ። ባዶ እጁን የመጣው ግን ጥቂት ነው፤ አንዱ መኝታውን ጠቅልሎ ተሸክሟል፤ ሌላው የልብስ ሣጥኑን በጋሪ ይገፋል። ሜዳው በሰውና በጓዝ ተጨናንቆ ሳለ እሳቱ ደረሰ፤ ብልጭታው በጨርቁና በፍራሹ ላይ ወረደ፤ ቀጥሎም እንደ ዐውሎ ነፋስ የሚሽከረከር ነበልባል ተነሣ። በዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ወደ 38 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። በአደጋው በጠቅላላው ከሞቱት 105 ሺህ ያህል ሰዎች ሲሶውን ያልፋል። ሰው ከእሳት ላድነው ብሎ የተሸከመው ልብስ ለእሳቱ ማገዶ ሆነ።

የሚያሳዝነው፣ ትምህርቱ አዲስ አለመሆኑ ነው። ቶኪዮ ኤዶ ትባል በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1657፣ ሜይሬኪ የሚባለው ታላቅ ቃጠሎ ከተማይቱን አውድሟት ነበር። ያን ጊዜም ነዋሪው ልብስና መኝታ የሚያኖርበትን ባለ መንኰራኵር ትልቅ ሣጥን እየገፋ ሲሸሽ መንገዱ ተዘጋ። መንግሥትም በኋላ እንዲህ ያለውን ሣጥን ከለከለ።

ከእሳት ጋር መዋል የለመዱት የኤዶ እሳት አጥፊዎች ግን ብልሃቱን ያውቁ ነበር። ካባቸው የጥጥ ጨርቅ ተደራርቦ በጥብቅ የተሰፋ ነው። ወደ ቃጠሎው ከመግባታቸው በፊት በውኃ ያርሱታል፤ ድርቡም ውኃውን ይዞ ይቆያል። ውስጡ በዘንዶና በጀግኖች ሥዕል ያጌጠ ነበር፤ ያ ጌጥ የሚታየው ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ካባው ተገልብጦ ሲለበስ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ የጃፓን እናቶች ጥጥ የተሞላ የራስ መከናነቢያ ለልጆቻቸው ሰፉ። ጆሮንና ማጅራትን ከፍንጣሪ ይከልላል። ሴቶቹም ኪሞኖአቸውን ትተው የባላገር ሴቶችን ሰፊ ሱሪ ታጠቁ። በደረታቸው ላይ ስማቸውና የደማቸው ዓይነት የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፋ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በማርች 1945 ቶኪዮ በተቀጣጣይ ቦምብ ስትደበደብ፣ ብልጭታ ያረፈበት ያ ጥጥ በሰው ራስ ላይ ነደደ። ከጦርነቱ በኋላ መከናነቢያው ጨርሶ አልተጣለም፤ እሳት ቶሎ በማይበላው ጨርቅ እየተሰፋ ትምህርት ቤት ገባ። ተማሪው በአዘቦት ቀን ወንበሩ ላይ አንጥፎ ይቀመጥበታል፤ ምድር ሲነቃነቅ ብድግ አድርጎ ይከናነበዋል።

ኮቤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 የተመታችው ግን ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ነበር። ከ6,400 በላይ ሰው ሞተ። የተረፈው በሌሊት ልብሱ፣ በብርድ ውስጥ፣ የመስተዋት ስብርባሪ እየረገጠ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጃፓናውያን አጥብቀው የሚመክሩት አንድ ቀላል ነገር አለ፤ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ከአልጋ አጠገብ ይቀመጥ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በሌሊት ከፎቅ የወረደ ሰውም ነበር። ለክፉ ቀን የሚሆን ልብስ ፍለጋ ገበያ መውጣት ላያሻን ይችላል። አራት ድርብ የሆነው ጋቢያችን ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት ይደረባል፣ ሕፃን ይታቀፍበታል። እሳት ባለበት ግን ጥጥ መሆኑ አይዘንጋ፤ የሆንጆን ሜዳ ያስታውሷል። ሣጥን ለመክፈት ጊዜ በማይገኝበት በዚያች ደቂቃ፣ ጋቢው ራስጌ፣ ጫማው ግርጌ ይገኝ ይሆን? ዛሬ ማታ አንባቢ አልጋው ዘንድ ይመልከት።