ጥንቸሏ፣ ጥርኙና ሳሙናችን

ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ካለ አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ገብቼ የፀጉር ቅባት ሳገላብጥ፣ ጀርባው ላይ የምትዘል ጥንቸል አየሁ።

«እትዬ፣ ይቺ ጥንቸል ምን እንደሆነች ያውቃሉ?» አልኳቸው ባለሱቋን።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋትና «የልጆች ቅባት ይሆናላ የኔ እናት» አሉኝ። በእንስሳት ላይ ሳይሞከር የተሠራ ማለት እንደሆነ ሳስረዳቸው ሳቃቸው መጣ። «ታዲያ እንስሳ ላይ ካልሞከሩት መጀመሪያ የሚሞከረው አንቺ ላይ ነዋ!»

ሳቅን፤ ቅባቱንም ገዛሁ። ሚኒባሱ ሐረጎን ወደ ደሴ ሲወጣ ግን ነገራቸው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እትዬ ሳያውቁት የታሪኩን መጀመሪያ ነክተውታልና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1933 አሜሪካ ውስጥ «ላሽ ሉር» የሚባል የሽፋሽፍት ማቅለሚያ የተቀቡ ሴቶች ዓይናቸው ተጎዳ፤ የታወረችም ነበረች። መንግሥት ምርቱን ከገበያ የሚያስወጣበት ሕግ አልነበረውም። ሕጉ የወጣው በ1938 ነው። በ1944 ደግሞ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ጆን ድሬዝ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አንድ የምርመራ ዘዴ አሳተመ። የሚመረመረው ነገር ነጭ ጥንቸል ዓይን ውስጥ ይጨመራል፤ ከዚያ ለቀናት መቅላቱ፣ ማበጡና መቁሰሉ እየታየ ነጥብ ይሰጠዋል። እንግዲህ ጥንቸሏ ወደ ውበት ዓለም የገባችው በሴቶች ዓይን ፋንታ ነው።

በ1980 ሄንሪ ስፓይራ የሚባል የኒውዮርክ መምህር በጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ ሬቭሎንን በጥንቸሎቹ ጉዳይ አፋጠጠው። ኩባንያው ሌላ ዘዴ እንዲፈለግ 750 ሺህ ዶላር ለሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 በእንስሳት ላይ የተሞከረ ኮስሞቲክስ እንዳይሸጥ ከለከለ። ቻይና ግን እስከ 2021 ድረስ ከውጭ ለሚገባ ተራ ሻምፖና ቅባት ሳይቀር በእንስሳት ላይ እንዲሞከር ታስገድድ ነበር። ለእትዬም መልስ አለን፤ ዛሬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ባደገ የሰው ቆዳ ላይ መሞከር ይቻላል።

«ይሄ የፈረንጅ ጉድ ነው» እንዳትሉኝ። የእኛ ጥንቸል ጥርኝ ይባላል።

ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በከብት ቀንድ እየታሸገ የሚወጣው ዝባድ ለዘመናት ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር የሚጠራ የንግድ ዕቃ ነበር። ዝባድ ብቻውን ይከረፋል፤ በጥቂቱ ሲበረዝ ግን የሽቶን መዓዛ ቆዳ ላይ ያቆያል። የፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች የፈለጉትም ለዚህ ነው። አገኛኘቱስ? ወንዱ ጥርኝ ከጫካ ተጠምዶ ይመጣል፣ መዞሪያ በሌለው የእንጨት ጎጆ ይታሰራል፣ በየአስር ቀኑ ገደማ ከጭራው ሥር ካለው እጢ ዝባዱ ይፋቃል። ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ይቀርብለታል። በደንብ ይበላል፤ ዞር ማለት ግን አይችልም።

በ1926 ሊዮፖልድ ሩዢችካ የዝባድን መዓዛ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር አሠራር ለየ። ሰው ሠራሽ ዝባድም መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት ደህንነት ተሟጋቾች አገራችን መጥተው ያዩትን አሳተሙ፤ ሻኔል በ1998 የተፈጥሮ ዝባድ መጠቀም አቆመ። ለጥርኙ ደግ ዜና ነው፤ ከዝባድ ሽያጭ ለሚኖረው ገበሬ ግን ገቢ መቅረት ነው። ይህንን ሳንናገር ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ልብ በሉ። ዝባድ ያለበት ሽቶ «በእንስሳት ላይ አልተሞከረም» ብሎ ቢጽፍ ውሸት አልተናገረም። ጽሑፉ የሚመልሰው ስለ ሙከራው ብቻ ነው፤ ውስጡ ስላለው አይነግረንም። ሳሙናም እንደዚሁ ነው። ጀርባው ላይ «ሶዲየም ታሎዌት» የሚል ካነበባችሁ ከእንስሳ ጮማ ነው፤ «ሶዲየም ፓልሜት» ከሆነ ከፓልም ዘይት።

«ወደ አያቶቻችን እንዶድ እንመለሳ!» የሚል አይጠፋም። በ1964 አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ግኝቱ ቢልሃርዚያን ለመዋጋት ዋለ፤ በ1989ም ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኘበት። ለእኛ ግን ሌላም ነገር ይነግረናል፤ የአያት ሳሙናም ወንዝ ውስጥ የሚገድለው ነፍስ አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ይጠየቅ። ጓደኞቼ ሳሙና አገላብጬ ሳነብ «ቅብጠት ነው» ይሉኛል። እኛ ወሎዎች እኮ ሠርግ ስንደግስ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ አርደን፣ ለየብቻ እንሠራለን። «የማን እርድ ነው?» ብሎ የጠየቀን እንግዳ ቀበጥ ያለው ሰው የለም። እንስሳው እንዴት እንደሞተ ለአፋችን መጠየቅ ካላሳፈረን፣ እንዴት እንደኖረ ለፊታችን መጠየቅ ለምን ያሳፍረናል?

ቅባቱ ሲያልቅ ወደ እትዬ ሱቅ እመለሳለሁ። ዘንድሮ ጥንቸሏን አውቀዋታል። በሚቀጥለው ስለ ጥርኙ እነግራቸዋለሁ።