የዓመት ካርድ፣ የጊፋታ ሰንጋ እና ግብር

ዛሬ ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት። ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት በስልክ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ሶዶ ያስተማርኳት፣ አሁን አዲስ አበባ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ተማሪዬ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ የታሪክ አስተማሪ ነዎት፣ እኔ ግን ዛሬ የሒሳብ ጥያቄ ነው ያለኝ» አለችኝ። ልጆቿን ቅዳሜ ቅዳሜ የምትወስድበት የልጆች መጫወቻ የዓመት ካርድ መሸጥ ጀምሯል። አንድ ጊዜ መግቢያ ለአንድ ልጅ 400 ብር፣ የዓመቱ ካርድ ደግሞ ለአንድ ልጅ 6,000 ብር። «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ጥያቄው።

መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው አካፈልኩ። 6,000 ለ400 ሲካፈል 15። ከ15 ጊዜ በላይ ከሄዱ ካርዱ ያዋጣል፣ ካልሄዱ አያዋጣም። በዓመት 52 ቅዳሜ አለ፣ ስለዚህ 15 ቀላል ይመስላል። ግን ልጄ፣ 52 ቅዳሜ ማን አለው? ሠርግ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ የእድር ስብሰባ አለ፣ የክረምት ዝናብ አለ፣ ጉንፋን አለ፣ የፈተና ሰሞን አለ። «እስኪ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ሄዳችሁ? በግምት አይሆንም፤ ስልክሽ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ቁጠሪ» አልኳት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። ሰባት ጊዜ! እሷ ራሷ «በወር ሁለቴ ሳንሄድ አንቀርም» ብላ ነበር የምታስበው።

በሰባት ጉዞ ሲሰላ እንዲህ ይሆናል። ሁለቱን ልጆች በየጊዜው እየከፈለች ብታስገባ 5,600 ብር ነው። ሁለት ካርድ ብትገዛ ደግሞ 12,000። ልዩነቱ 6,400 ብር ኪሳራ። ታክሲው፣ ጁሱ፣ በር ላይ «ያለ ካልሲ አይገባም» ተብሎ የሚሸጠው ካልሲ በሁለቱም መንገድ አይቀርም። እንዲያውም ካርድ የያዘ ሰው ብዙ በሄደ ቁጥር የታክሲና የምግብ ወጪው ይጨምራል። «በነጻ ገባን» ያለ ሰው ኪስ የሚራቆተው እዚያ ጋ ነው።

ሒሳቡ እዚህ ላይ አለቀ። እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ለደስታው በዓመት መክፈል የጀመረው መቼ ነው? በዓመት የሚከፈል ነገር ሁሉስ አንድ ነው ወይ?

በፈረንጆቹ ብንጀምር፣ ነገሩ ቢያንስ 300 ዓመት ሊሞላው ነው። ለንደን ውስጥ ቮክስሆል የሚባል የመዝናኛ አትክልት ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1732 ጆናታን ታየርስ የሚባል ሰው አሳምሮ ከፈተው፤ መግቢያው አንድ ሽልንግ ነበር። ከዚያም ወቅቱን ሙሉ የሚያስገባ፣ ከብር የተሠራ ትኬት መሸጥ ተጀመረ። ለሰዓሊው ዊልያም ሆጋርትማ ለውለታው ከወርቅ የተሠራ፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል መግቢያ ተሰጠው። ያ የብር ትኬት ያለው ሰው ከመዝናናቱ በተጨማሪ «እኔ የዚህ ቦታ ሰው ነኝ» ይልበታል። አሜሪካ ያለው ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ተከፍቶ እስከ 1982 ድረስ ለየጨዋታው በፊደል የተለየ ትኬት ያለበት ደብተር ይሸጥ ነበር። በኋላ ነው በአንድ ክፍያ ሁሉንም መጫወት የመጣው።

ነጋዴው ይህን የሚወደው ለምን ይመስላችኋል? ገንዘቡ አስቀድሞ እጁ ይገባል፤ ሰውየው ግን ሁልጊዜ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴላቪኛ እና ማልሜንዲየር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ የሦስት ጂሞችን መዝገብ አጥንተው ያሳተሙት አለ። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉ አባላት በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ነው የሚሄዱት። ሲካፈል ለአንድ ጊዜ ከ17 ዶላር በላይ ማለት ነው። እዚያው በር ላይ ግን አሥር ጊዜ የሚያስገባ ትኬት ነበር፤ በእሱ አንዱ 10 ዶላር ይወጣል። ሰዎቹ የከፈሉት ወደፊት እንሆናለን ብለው ላሰቡት ጎበዝ ሰው ነው። የእኛዋ ልጅም «በወር ሁለቴ» ያለችው ያቺኑ ጎበዝ እናት አስባ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ወላይታ ውስጥ በዓመት የሚከፈል የደስታ ክፍያ እናውቃለን፣ አናውቅም እንዴ? ጊፋታ አለ አይደል!

ለማታውቁ፣ ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል። ዝግጅቱ ግን የመስከረም ጉዳይ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ነው። ወንዶች በሰፈር ተሰባስበው ለሰንጋው በየጊዜው ገንዘብ ያስቀምጣሉ። ሴቶች ደግሞ ለቅቤው የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ትንሽ ትንሽ እያሉ ያጠራቅማሉ። ዕዳ ያለበት ከበዓሉ በፊት ዕዳውን ይከፍላል፣ የተጣላ ይታረቃል። አንዱ ጊፋታ እንዳለፈ ለሚቀጥለው ማስቀመጥ ይጀመራል። ይሄ የዓመት ካርድ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። መጫወቻ ቦታው ብሩን ባንዴ ተቀብሎ ደስታውን በ52 ቅዳሜ ላይ ይበትነዋል፤ መጥተህ ልቀም ይልሃል። ጊፋታ ብሩን በትንሽ በትንሹ ሰብስቦ ደስታውን አንድ ቀን ላይ ያከማቸዋል። በመጀመሪያው፣ አንተ የቀረህበት ቀን ለባለቤቱ ትርፍ ነው። በሁለተኛው፣ አንተ ብትቀር ጎረቤት «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ በርህን ያንኳኳል። አንዱ በስንፍናህ ያተርፋል፣ ሌላው ስንፍናህን አይፈቅድልህም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ወጣት አስተማሪ ሳለሁ፣ ደመወዜ ከወር ወር በማትደርስበት ዘመን፣ አንድ ዓመት ከሰፈራችን የሰንጋ ማኅበር ወጣሁ። ተምሬያለሁ ባይ ነኝ፣ አስልቻለሁ። በዓመት የማዋጣውን ብር ሉካንዳ ብወስደው ከድርሻዬ የሚበልጥ ኪሎ ሥጋ ይሰጠኛል። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ብሠራው ያው ነው የሚመጣው። ጊፋታ ደረሰ። ሥጋዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ገባሁ። የሰፈር ልጆች በሙሉ ከሰንጋው ጋር ሲሯሯጡ ውለው፣ ትልቋ ልጄ መጥታ «አባዬ፣ የእኛ በሬ የትኛው ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ጎረቤቶቼ፣ አንድ ብር ያላዋጣሁባቸው ሰዎች፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ድርሻ ላኩልን። ባለቤቴ ተቀበለች፣ እኔ ጓዳ ገባሁ። በነጋታው ሄጄ ለሚቀጥለው ዓመት ተመዘገብኩ።

እንደ ታሪክ አስተማሪ ግን አንዱን ወገን ብቻ አሳምሬ መተው አልችልም። የጊፋታ ማኅበርም ሸክም አለው። የሰንጋ ዋጋ በየዓመቱ ይወጣል፣ የገበሬው መሬት ግን እየጠበበ ነው። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ታውቃላችሁ። ለድርሻው ሲል የሚበደር አለ። ማዋጣት አቅቶት ዓመቱን አንገቱን ደፍቶ የሚኖርም አለ። ጎረቤት ለሁሉም አይልክም። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ልከውልኝ ይሆን? ይህን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩትም።

ሦስተኛው የዓመት ክፍያ ደግሞ ከሁለቱም የከበደው ነው። ቃሉን ልብ በሉልኝ፦ ግብር። በአማርኛ ግብር ማለት ለመንግሥት የሚከፈለው ነው። ግብር ማለት ደግሞ በቤተ መንግሥት የሚበላው ድግስ ነው። ሰው ግብር ይከፍላል፣ ሰው ግብር ይበላል። ቃሉ አንድ ነው፣ ሰዎቹ ግን ሁልጊዜ አንድ አልነበሩም።

በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታ ገባ። ከዘመቻው ጋር አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ያየውን ጽፎ አሳትሟል። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩና ወደ ሸዋ ተወሰዱ። ካዎዎቹም በዘመናቸው ከሕዝባቸው ግብር ይሰበስቡ ነበር፤ ድግሱ ግን ቢያንስ ቅርብ ነበር። ከ1887 በኋላ የወላይታ ገበሬ ገባር ሆነ። በየዓመቱ የሚከፍለው ከዚህ ይሄዳል፣ ግብሩ የሚበላው ሩቅ ነው። ይህ ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪፈርስ ድረስ ስንት ትውልድ አለፈ! መልሶ የማይከፍል የዓመት ካርድ ቢኖር ይሄ ነው። ለዚያውም ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ተብሎ የማይጠየቅበት።

ለምን አመጣሁት መሰላችሁ? ያ ግብር የሚበላበት አዳራሽ ዛሬ ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት ሆኗል። የአንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲመረቅ የምኒልክ ግብር አዳራሽ፣ የዙፋን ቤቱና የክልሎች ማሳያ ለሕዝብ ተከፈተ። እኔም ሄጃለሁ። አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ጣሪያውን ሳይ ያሰብኩት ስለ ቅድመ አያቶቼ ነው። ከሶዶ የማርና የእህሉ ግብር የተጫነበትን መንገድ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ እኔ በአውቶቡስ መጥቼ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ቅር አላለኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ዘግይቶም ቢሆን ገባን። ለእንዲህ ያለ ቦታ ግን የዓመት ካርድ ቢሰጡኝ ምን አደርግበታለሁ? አንድ ጊዜ በደንብ አይቶ፣ ልጅን እጁን ይዞ ታሪኩን ነግሮ መመለስ ነው። ቦታው ሳይቀየር አንተ የምትቀየርበት ዓይነት ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ትሄዳለህ።

እንግዲህ ለተማሪዬ ምን አልኳት? ሦስቱን ጥያቄ ሰጠኋት፤ ለእናንተም ይሁን። ማን ይከፍላል? ማን ይበላል? ቀኑስ የታወቀ ነው?

እሷ ግን የዋዛ አይደለችም። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ግን አልተቆጠረም» አለችኝ። «በየጊዜው ስከፍል 800 ብሩ ያንገበግበኛል። ልጆቹ ሲደክማቸው እንኳ ‘ገና ነው፣ ተጫወቱ’ እላለሁ። እያለቀሱ ነው የምንወጣው። ካርድ ቢኖረኝ ግማሽ ሰዓት ተጫውተን እንመጣ ነበር።» እውነቷን ነው! ይህም የተጠና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አርክስ እና ብሉመር የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አለ። ኦሃዮ ውስጥ የቲያትር የወቅት ትኬት ከገዙት መካከል በሙሉ ዋጋ የከፈሉት በቅናሽ ካገኙት ይልቅ በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ደጋግመው ሄዱ። በሁለተኛው አጋማሽ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የወጣ ብር መጀመሪያ ያባርርሃል፣ ቀስ በቀስ ይረሳል። ስለዚህ ካርዱ ነጻነት ይሰጣል ያለችው ትክክል ነው፤ ያ ነጻነት ግን 6,400 ብር ያወጣል ወይ? ይህን እኔ ልመልስላት አልችልም።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ካርዱን አሁን አትገዛም። ለሁለት ወር እየከፈለች ትሄዳለች፣ የሄደችበትን ቀን ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ካላንደር ታከብባለች። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሞላ በዓመት 18 ይሆናልና ካርዱን ትግዛ፤ የእኔንም ምርቃት ይዛ። ካልሞላ ደግሞ ልዩነቱን በየሳምንቱ ታስቀምጥና ለሚመጣው ጊፋታ ልጆቹን ይዛ ሶዶ ትመጣለች። ልጆቿ ወላይትኛ አይሰሙም፣ ዳሞታ ተራራን በፎቶ ነው የሚያውቁት። በሰንጋው ኋላ ሮጠው አያውቁም።

እኔም አንድ የቤት ሥራ ቀረብኝ። እዚህ ሶዶ ውስጥ ልጅ ያለ ብር የሚጫወትበት ቦታ ስንት ነው ብዬ ቆጠርኩ፤ የአንድ እጅ ጣት በዛብኝ። ለካርድ የሚከፍለው የአዲስ አበባ ወላጅ እኮ ከፊሉን የሚከፍለው ሜዳ ስለጠፋ ነው። ለሰንጋ የሚያዋጣ ሰፈር ለአንድ ሜዳስ ማዋጣት ያቅተዋል? በእኛ ሰፈር የዘንድሮው የማኅበር ስብሰባ ላይ ይህን አነሳለሁ። መሳቂያ ብሆንም ግድ የለም፤ በሒሳብ አሳብቤ ከማኅበር የወጣሁ ቀን የሳቁብኝ ይበቃል።

ጊፋታ ሊገባ ሳምንታት ቀርተዋል። ዕዳ ያለባችሁ ክፈሉ፣ የተጣላችሁ ታረቁ። የዓመት ካርድ ገዝታችሁ የምታውቁ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሄዳችሁ እውነቱን ከታች ጻፉልኝ። ፎቶ ቆጥራችሁ እንጂ በግምት አይሆንም!

ዮዮ ጊፋታ!