«ደርቲ ካው»፦ የሊኑክስ ከርነል የደህንነት ክፍተት ምንነትና የመከላከያ መንገዶች

«ደርቲ ካው» በሊኑክስ ስርዓተ ክወና ከርነል ውስጥ የተገኘ የደህንነት ክፍተት መጠሪያ ሲሆን፣ የዓለም አቀፍ መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2016-5195 ነው። ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ማህደረ ትውስታን፣ ፋይሎችንና የተጠቃሚዎችን ፈቃድ ያስተዳድራል። የአንድሮይድ ስልኮችም በዚሁ ከርነል ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፣ ጉዳዩ ከሰርቨር ባለሙያዎች አልፎ የስልክ ተጠቃሚዎችንም ይመለከታል።

የ«አካባቢያዊ» ክፍተት ትርጉም

ክፍተቱ «አካባቢያዊ» ከሚባሉት ወገን ይመደባል። አጥቂው እንዲጠቀምበት አስቀድሞ በመሣሪያው ላይ አነስተኛ ፈቃድ ያለው አካውንት ወይም የተጫነ መተግበሪያ ሊኖረው ይገባል። ይሁን እንጂ ስያሜው አደጋው አነስተኛ መሆኑን አያመለክትም። ምንጩ ያልታወቀ መተግበሪያ የሚጭን የስልክ ባለቤት በሩን ለአጥቂው የሚከፍተው ራሱ ነው።

አሠራሩ

ከርነሉ በርካታ ፕሮግራሞች አንድን ፋይል በጋራ እንዲያነቡ ይፈቅዳል፤ አንዱ ሊለውጠው ሲሞክር ግን ዋናው እንዳይነካ የግል ቅጂ ያዘጋጅለታል። ይህም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዋናውን ሰነድ አስቀምጦ ለባለጉዳይ ቅጂውን ብቻ እንደሚሰጠው ያለ ነው። በደርቲ ካው ጥቃት፣ ቅጂው ተዘጋጅቶ ለውጡ ከመስፈሩ በፊት ባለው ቅጽበት ሌላ ትእዛዝ ቅጂውን ያስወግደዋል፤ ለውጡም በዋናው ላይ ይሰፍራል። አጥቂው ሙከራውን በፍጥነት በመደጋገም ለንባብ ብቻ የተፈቀዱ ፋይሎችን ሊለውጥና የ«ሩት» ማለትም የሙሉ አስተዳዳሪነት ሥልጣን ሊይዝ ይችላል።

ግኝቱና ያስከተለው ጉዳት

ክፍተቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው የከርነል ስሪት 2.6.22 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ቆይቷል። ፊል ኦስተር የተባሉ ባለሙያ ክፍተቱ ለጥቃት ሲውል ደርሰውበት በኦክቶበር 2016 ይፋ ሆኗል፤ ማስተካከያውም በስሪት 4.8.3፣ 4.7.9 እና 4.4.26 ተካቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ትሬንድ ማይክሮ የተባለው ኩባንያ፣ ክፍተቱን በአንድሮይድ ላይ የሚጠቀም «ዚኒዩ» የተሰኘ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ከ40 በሚበልጡ አገሮች መገኘቱን አስታውቋል። ሶፍትዌሩ የተሠራጨው ጨዋታ በሚመስሉና በሌሎች መተግበሪያዎች ተሸፍኖ ነበር። ይህ የሆነው ማስተካከያው ከተዘጋጀ ወራት በኋላ በመሆኑ፣ ዝማኔ ያልደረሳቸው ስልኮች ለአደጋ ተጋልጠው መቆየታቸውን ያሳያል።

ተጠቃሚዎች ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎች

1. በስልኩ «ቅንብሮች» ውስጥ «ስለ ስልክ» የሚለውን ክፍል በመክፈት የደህንነት ዝማኔውን ቀን ማረጋገጥ። ቀኑ ከዲሴምበር 5 ቀን 2016 በፊት ከሆነ ስልኩ ለዚህ ክፍተት ሊጋለጥ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ክፍተቶችም ስለተገኙ የቅርብ ጊዜውን ዝማኔ መጫን ያስፈልጋል።

2. መተግበሪያዎችን ከታወቀ መደብር ብቻ መጫን፤ በቴሌግራም ወይም በሜሞሪ ካርድ የሚተላለፉ የመተግበሪያ ፋይሎችን አለመቀበል።

3. አምራቹ ዝማኔ መስጠት ባቆመበት ስልክ የባንክና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶችን አለመጠቀም። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ ክፍተቱን አይደፍንም።

4. የሊኑክስ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ተቋማት የከርነል ዝማኔውን ከጫኑ በኋላ ሰርቨሩን ዳግም በማስነሳት አዲሱ ስሪት ሥራ መጀመሩን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።