ለሰው ሲባል አፍን መሸፈን፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር የማኅበሩ አባላት ኅዳር 12 ቀን ደጃችንን ጠርገን ቆሻሻውን እናቃጥላለን። ልጆቻችን ምክንያቱን ሲጠይቁን «ኅዳር ሲታጠን ነው» ብለን እናልፋቸዋለን። ነገሩ ግን ታሪክ አለው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ቀባሪ እስከመታጣት ተደርሶ ነበር። በሽታው ከተበላሸ አየር ይመጣል ተብሎ ስለታመነ ሕዝቡ ሰፈሩን በጭስ አጠነ። ጭሱ ለበሽታው መድኃኒት አይደለም። ሆኖም አንዱ አጥኖ ሌላው ቢተወው ትርጉም የለውም፤ ሰው ለራሱ ደጅ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩም ነበር እሳት የሚያነደው። ማስክን ስናስብ ይህ ልማድ ትዝ የሚለን ለዚህ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም አፉን በጨርቅ መሸፈን ጀምሮ ነበር። ከኅዳር በሽታ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1903 ዓ.ም. በማንቹሪያ የሳንባ ወረርሽኝ ሲነሣ ዉ ሊየን ተህ የተባሉ ሐኪም በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ተረድተው ከጥጥና ከፋሻ የተሠራ መሸፈኛ ሁሉም እንዲያደርግ አዘዙ። ሜኒ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ግን ነገሩን ንቀው ያለ መሸፈኛ በሽተኛ አዩ፤ በቀናት ውስጥም ሞቱ። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ1911 ዓ.ም. ማስክ ግዴታ ሲሆን «አናደርግም» የሚል ፀረ ማስክ ማኅበር እስከ መቋቋም ተደረሰ። እኛ ሴቶች ለቁጠባ ስንደራጅ፣ ማስክ ላለማድረግ የተደራጀም ነበር ማለት ነው! በጃፓን ግን ከዚያ ወረርሽኝ ጀምሮ ልማዱ እየሰፋ ሄዶ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ሌላውን እንዳያስይዝ አፉን ሸፍኖ መውጣቱ እንደ ጨዋነት ይታያል።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በሚያዝያ መጀመሪያ በወጣው ማስፈጸሚያ ደንብም በገበያ፣ በትራንስፖርትና አገልግሎት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ የዓለም ጤና ድርጅት ሕዝቡ በየአደባባዩ የጨርቅ ማስክ እንዲጠቀም የመከረው ግንቦት 28 ቀን ነው። አገራችን ሁለት ወር ገደማ ቀድማ ነበር። ስለ ድሃ አገር ሲወራ ሁልጊዜ ተከታይ ተደርገን ስለምንታይ ይህ ቢመዘገብ ደስ ይለናል።

ደንቡ ይውጣ እንጂ ማስኩ ከየት ይምጣ? ዋጋው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰማይ ነክቶ ነበር። በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ፋብሪካዎች ማስክ ማምረት ቢጀምሩም ጉሊት ላይ ለምትውል አባላችን እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። ስለዚህ በቤት ያለው ነገር አገለገለ። ነጠላ አፍን መሸፈን ያውቅበታል፤ ቅዱስ ቁርባን የተቀበለ ሰው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ነው ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው። ሙስሊም እህቶቻችንም በሂጃባቸው ጫፍ ሸፈኑ። ቆየት ብሎ የልብስ ስፌት መኪና ያላቸው አባላት ከአቡጀዲ እየሰፉ አደሉን፤ የጨርቁን ዋጋ የሸፈኑልን ደጋፊዎቻችን ይህን ያስታውሱታል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ ቁጠባውን በየበሩ እየዞርን፣ በመዝጊያው ሥር እየተቀበልን ነበር የምንሰበስበው።

የጨርቅ ማስክ በዋናነት የሚያግደው ካደረገው ሰው አፍ የሚወጣውን ርጥበት ነው። ቫይረሱ ደግሞ ምንም ሕመም የማይሰማውን ሰው እንኳ ተሸካሚ ያደርጋል። ስለዚህ የእኔ ማስክ ይበልጥ የሚጠቅመው ፊት ለፊቴ ለቆመው ነው። ሒሳብ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ግራ የሚያጋባ መዝገብ ነው፤ ወጪው በእኔ ስም፣ ገቢው በጎረቤቴ ስም። ደንብ ብቻውን ይህን መዝገብ ማስተካከል አይችልም። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሰበታ ወደ አየር ጤና በታክሲ የተመላለስን ሁሉ አይተነዋል፦ ማስኩ አገጭ ላይ ይውላል፤ ፖሊስ ሲታይ ብቻ ወደ አፍንጫ ይወጣል። አዋጁ ካበቃ በኋላ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ መመሪያ ቁጥር 30 ግዴታውን ከቅጣት ጋር ቢያጸናውም የአገጩ ነገር አልቀረም። በአንጻሩ ቤቷ ውስጥ አስም ያለባት እናት ያለቻት አባላችን ማንም ሳያያት፣ በጓዳዋም ሳይቀር ታደርግ ነበር።

አንዳንዶች «ይሉኝታ ነው እንጂ ማን ወዶ ያደርጋል» ይሉ ነበር። ይሉኝታ ስሙ የከፋው በከንቱ ነው እንላለን፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የሸፈነም ቢሆን የጎረቤቱን ሳንባ ጠብቋል። የከፋው ሌላው ፍርሃት ነበር። ከ2012 በፊት በየጤና ጣቢያው ማስክ ሲያደርግ የምናየው በአብዛኛው የሳንባ ነቀርሳ ታማሚን ስለነበር፣ በመጋቢት ቀድመው ያደረጉ ሰዎች እንደ በሽተኛ ታይተው ሰው ሲሸሻቸው ነበር። በኋላ ያላደረገው ተሸሸ። የዓለም ጤና ድርጅት አጣዳፊ ሁኔታው ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ወደ ድሮው ተመልሷል፤ እያሳለው ባዶ አፉን ታክሲ የሚገባው አይታይም፣ አፉን የሸፈነው ግን ዞር ተብሎ ይታያል።

በማኅበራችን መሰብሰቢያ በር ላይ የማስክ ካርቶን ዛሬም አለ። ባለፈው ክረምት ጉንፋን የያዛቸው አንዲት እናት ካርቶኑን አልፈው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ገቡ። «ምን ሆነው ነው?» ያላቸው የለም። በመስኮቱ በኩል ወንበር ተለቀቀላቸው፤ የሳምንቱን ቁጠባ ቆጥረው ሰጡና ደብተራቸው ላይ ተፈርሞላቸው ሄዱ።