ግለሰባዊ የትምህርት ዕቅድ፦ የወላጅ ፊርማ ያለበት ወረቀት

ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያጠኑ መምህራን ሲነጋገሩ «አይ ኢ ፒ» የምትል ነገር ትደጋገማለች። የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ናት፤ በአማርኛ «ግለሰባዊ የትምህርት ዕቅድ» እንበላት። አካል ጉዳት ያለበት አንድ ተማሪ በዓመቱ ምን እንደሚማር፣ ማን እንደሚያግዘው፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚታገዝና ለውጡ በምን እንደሚለካ በራሱ ስም የሚጻፍ ሰነድ ነው። «የተናጠል ዕቅድ» የሚሉትም አሉ። እኔ አልወደውም፤ ልጁን ለብቻው ጥግ ያስቀመጡት ያስመስላል። ዕቅዱ የሚያስፈልገው ደግሞ በአመዛኙ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ መማር እንዲችል ነው።

ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ ኦቲዝም ያለበት የሰባት ዓመት ልጅ ያላትን እናት እናስብ። ሰፈሯ ወዳለው ትምህርት ቤት ልታስመዘግበው ትሄዳለች። «እኛ ጋ ልዩ ክፍል የለም፤ ወዳለበት ይውሰዱት» ትባላለች። ለተናጋሪው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ለእሷ ግን በየጠዋቱ የቃሊቲ ታክሲ መሰለፍ፣ ከዚያ ሌላ መያዝ፣ ምናልባትም ሥራ መተው ነው። ልጁ ምን እንደሚችል የጠየቃት የለም። ፊደል ይለያል? ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል? ሽንት ሲመጣበት በምን ያስታውቃል? ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ውሳኔው ግን ያለ እሷ አለቀ።

ዕቅዱ ቢኖር ንግግሩ የሚጀመረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነበር። ዕቅድ የተባለ ሁሉ ግን ዕቅድ አይደለም። «ንባቡ ይሻሻላል» ብሎ መጻፍ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። «በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ማብቂያ ከሀ እስከ ረ ካሉት ስድስት ፊደላት አምስቱን በካርድ ለይቶ ያሳያል፤ ረዳት መምህሯ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ታለማምደዋለች፤ ማታ እናቱ በዚያው ካርድ ትደግምለታለች» ከተባለ ግን ጊዜው ሲደርስ ካርዱን ዘርግቶ ማየት ነው። ካልሆነ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ዕቅዱም ይስተካከላል።

ይህ ሰነድ በሕግ የጸናው አሜሪካ ውስጥ በ1968 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1975) ነው። የአገሪቱ ምክር ቤት በሕጉ ላይ እንዳሰፈረው፣ በዚያ ዘመን አንድ ሚሊዮን ያህል አካል ጉዳተኛ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጨርሰው ውጭ ነበሩ። መንገዱን የጠረጉት በፔንሲልቬኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት የቆሙ ወላጆች ናቸው። በዚያ ሕግ መሠረት ወላጅ ዕቅዱን የሚያወጣው ቡድን አባል ነው። እሱ ሳይፈቅድ የልጁ የመጀመሪያ ምዘና አይካሄድም፤ የልጁ ምደባ ከመለወጡ በፊት ምክንያቱ በጽሑፍ ይደርሰዋል፤ ካልተስማማም በገለልተኛ ሰሚ ፊት አቤት ይላል። እዚያ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅ ለስብሰባው አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። የልጁን ታላቅ እህት ከክፍል አስወጥቶ ማስተርጎም አያስፈልግም።

ወደ አገራችን ስንመለስ መርሑ አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካቶ ትምህርትንና ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ፍላጎቱ የሚሰጥ ድጋፍን ይደነግጋል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም አባትና እናትን የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት ያደርጋል። ጉዳዩ የትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርስ ግን ወላጅ በእጁ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አለ ይባል ይሆናል፤ አለ። ወተመህ ግን ስለ አጥሩ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ መዋጮው የጋራ መነጋገሪያ እንጂ የአንድ ልጅ ጉዳይ በስሙ ተነሥቶ የሚወሰንበት አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ስለነበረበት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ተንከራትተው በመጨረሻ ጆይ ሴንተር የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ራሳቸው አቋቋሙ። ክብር ለእሳቸው ይሁንና፣ ልጁን ለማስተማር እያንዳንዱ ወላጅ ማዕከል ይክፈት ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ልጅዎን ሲያስመዘግቡ ግለሰባዊ የትምህርት ዕቅድ እንዲዘጋጅለት በማመልከቻ ይጠይቁ። ልጅዎ የሚችለውንና የሚከብደውን በአንድ ገጽ ጽፈው ያያይዙ። «አንቀበልም» ከተባሉም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያመልክቱ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉና ቀንና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዘው ይውጡ፤ ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አቤት ለማለት መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ እሱ ነው።