4 ካሜራ በአንድ ኮምፒውተር፦ ምስሉ የት ይጠፋል?

የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ነን እንበል። ጠርሙሶቹ እየተከታተሉ ያልፋሉ፣ 4 ካሜራዎች ክዳናቸውን ይፈትሻሉ። ኮምፒውተሩ አንድ ምስል ካመለጠው፣ ክዳኑ ያልገጠመ ጠርሙስ ሳይታይ ወደ ሱቅ ይሄዳል። ካሜራው ደህና ሆኖም ይሄ ይፈጠራል።

ስልካችን ቪዲዮ ሲቀርጽ ወዲያው ይጨምቀዋል፤ የአንድ ደቂቃ 4ኬ ቪዲዮ በጥቂት መቶ ሜጋባይት የሚያልቀው ለዚህ ነው። የኢንዱስትሪ ካሜራ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚልከው ጥሬውን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ባለ 5 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ በ8 ቢት (አንድ ፒክስል አንድ ባይት ማለት ነው)፣ በሰከንድ 30 ምስል ካነሳ 5 × 30 = 150 ሜጋባይት በሰከንድ። በደቂቃ 9 ጊጋባይት! ካሜራው ቀለሙን ወደ አርጂቢ ቀይሮ እንዲልክ ካዘዛችሁት ደግሞ 3 እጥፍ።

ጊጋቢት ኢተርኔት በተግባር ከ120 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ይሄን አንድ ካሜራ እንኳ በሙሉ ፍጥነቱ አይችለውም። ባለ 5 ጊጋቢቱ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 400 አካባቢ ነው። 2 ካሜራ ይይዛል፣ ሦስተኛው ሲሰካ ይጨናነቃል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋር ነው። 4 የዩኤስቢ ፖርት አለ ማለት 4 መንገድ አለ ማለት አይደለም፤ ከኋላ ሁሉም አንድ ኮንትሮለር ሊጋሩ ይችላሉ። ሀብ መጨመርም ፖርት ያበዛል እንጂ መንገዱን አያሰፋም። መፍትሄው ለእያንዳንዱ ፖርት የራሱ ኮንትሮለር ያለው ካርድ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ነው (ላፕቶፕ ከሆነ ይሄን እርሱት)። ስሎቱንም አጣሩ፦ 4ቱ ካሜራዎች 600 ሜጋባይት ይፈልጋሉ፣ ባለ አንድ መስመር ፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0 ግን በወረቀት ላይ እንኳ 500 ነው። የስሎቱን ርዝመት አይታችሁም አትመኑ፤ በቁመቱ ባለ 16 መስመር የሚመስለው ውስጡ 4 ብቻ ሊሆን ይችላል። የማዘርቦርዱ ማኑዋል ላይ ታገኙታላችሁ።

ምስሉ ይቀመጥ ከተባለ፣ ተራ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 200 አካባቢ ነው የሚጽፈው፣ ሳታ ኤስኤስዲ ደግሞ 550 አካባቢ። ስለዚህ ኤንቪኤምኢ ያስፈልጋል፤ ርካሾቹ ግን ረጅም ሰዓት ሲጻፍባቸው ፍጥነታቸው ይወርዳል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ምስሉን ቁረጡት። ክዳን ለማየት ሙሉ ጠርሙስ ምን ያደርጋል? ካሜራው የምስሉን የላይኛውን ግማሽ ብቻ እንዲልክ በሶፍትዌሩ ሲስተካከል 150ው 75 ይሆናል። የምስሉ ብዛት በሰከንድ 30 ላይ እስከቆየ ድረስ 4ቱ ካሜራዎች በድምሩ 300 ናቸው፣ አንድ ኮንትሮለርም ይችላቸዋል።